ከጣሪያው አንቴና እስከ ቺፑ

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ?

ይህን የያዝኩትን ብረት አይታችሁ የሳቃችሁ አላችሁ። አዎ፣ የድሮ የቴሌቪዥን አንቴና ነው። ከአባቴ ቤት ጣሪያ አውርጄ ነው ያመጣሁት። ልጅ ሳለሁ ዜና ሊጀምር ሲል ቆርቆሮው ላይ የምወጣው እኔ ነበርኩ። እኔ አዞራለሁ፣ እህቴ ከመስኮት ትጮሃለች፦ «መጣ! መጣ! ኧረ ሄደ፣ መልሰው!»

ስሙ ያጊ-ኡዳ ነው። በ1926 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ነው የተዋወቀው። በ2010 ደግሞ ተመራማሪዎች ይህንኑ ቅርጽ ከወርቅ ሠርተው የብርሃን አንቴና አደረጉት። አንዱ ዘንግ ርዝመቱ 100 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ ናኖሜትር ማለት የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። የአንዲት ፀጉር ውፍረት ላይ ጫፍ ለጫፍ ብትደረድሩት በመቶዎች ይገባል።

ለምን ደከሙበት? በቺፑ፣ ማለትም በስልክና በኮምፒውተር ውስጥ ባለችው የምታሰላ ቁራጭ፣ ውስጥ ያለው ሽቦ አስቸግሮ ነዋ! የቺፑ ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያ የሆነው ትራንዚስተር ማነሱ ጠቅሞታል፤ የመዳብ ሽቦ ግን በቀጠነ ቁጥር ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ፣ ይጨምራል። መልእክቱ ይዘገያል፣ ቺፑም ይግላል። በብርሃን እንላክ እንዳንል፣ በፋይበር፣ ማለትም በቀጭን የመስታወት ክር፣ የሚሄደው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ 1550 ናኖሜትር ነው። ትራንዚስተር አጠገብ ሲቆም ግመልና የመርፌ ቀዳዳ ናቸው።

ፕላዝሞን የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ብርሃን ወርቅ ላይ ሲያርፍ ወለሉ ላይ ያሉት ኤሌክትሮኖች አብረው ይወዛወዛሉ። እስክስታ በሉት፤ አንዱ ትከሻውን ሲሰብቅ አጠገቡ ያለው ይቀበለዋል። ብርሃኑና ውዝዋዜው ተያይዘው ወለሉን ይዘው ይነጉዳሉ፤ ፕላዝሞን የምንለው ይህን ነው። የዚህ ሞገድ ርዝመት ከነፃው ብርሃን ያጠረ ነው።

ስለዚህ የተማራችሁት የግማሽ ሞገድ ቀመር፣ ማለትም «ዘንጉ የሞገዱን ርዝመት ግማሽ ያህል ይሁን» የሚለው፣ እዚህ ያሳስታችኋል። ለሬዲዮ ሞገድ ብረት መስታወት ማለት ነው፤ መልሶ ይወረውረዋል። ብርሃን ግን ሃያ ናኖሜትር ገደማ ዘልቆ ይገባል። የውዝዋዜው ፍጥነትም ኤሌክትሮኖቹን ያደክማቸዋል፣ እኩል መከተል ያቅታቸዋል። ትክክለኛው ዘንግ ቀመሩ ከሚላችሁ ያነሰ ይሆናል። እኔ ይህን መጀመሪያ ስሰማ አላመንኩም ነበር።

በዚያው በ2010 አንድሪያ አሉ እና ናደር ኤንጌታ የተባሉ ተመራማሪዎች ሁለት የተጣጣሙ ናኖ አንቴናዎች ያለ ሽቦ ብርሃን ሊቀባበሉ እንደሚችሉ በሒሳብ አሳዩ። በ2016 የቦስተን ኮሌጅ ተመራማሪዎች በላቦራቶሪ ሞከሩት። አንዱ አንቴና ላከ፣ ሌላው ተቀበለ። ርቀቱ ግን ጥቂት የሞገድ ርዝመት ብቻ ነው።

«ነገ ስልካችሁ ውስጥ ይገባል» የሚላችሁ ካለ አትስሙት። ወርቅ ብርሃን ይበላል፣ ወደ ሙቀትም ይቀይረዋል። ሙቀት ሸሽተን መጥተን ሙቀት ጠበቀን! ደግሞ ያለ ሽቦ የተላከን ነገር ጎረቤትም ይሰማል። አንድ ቺፕ ላይ ሺህ አንቴና ሲያወራ ማን ለማን እንደተናገረ መለየቱ ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነው። የመመረቂያ ሥራ የምትፈልጉ ከሆነ እዚህ ጋ ቆፍሩ።

አንቴናውን ጠረጴዛው ላይ ትቼዋለሁ። ገመዱ የሚታሰርበትን ዘንግ ለኩና በሁለት አባዙት፤ የቻናሉን የሞገድ ርዝመት በግምት ታገኛላችሁ። ከዚያ በዚያው ስሌት ለ1550 ናኖሜትር ዘንጉን ቁረጡ፣ ወርቅ መሆኑን አስባችሁ ደግሞ እንደገና አስሉ። ሁለቱን ቁጥሮች ይዛችሁ ከምሳ በኋላ እንገናኝ። ሜትር ያለው አለ?