ማስኩ መጨረሻ ይምጣ

(በዓለም የሥራ ላይ ደህንነትና ጤንነት ቀን ለደህንነት ባለሙያዎች፣ ለፈረቃ ኃላፊዎችና ለሠራተኛ ማኅበር ተወካዮች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የደህንነት ባለሙያዎች፣ የፈረቃ ኃላፊዎች፣ የሠራተኛ ማኅበር ተወካዮች፣ እህቶችና ወንድሞች፣

እንኳን ለዚህ ቀን አደረሳችሁ። በዚህ ቀን ምን እንደምናደርግ እዚህ ያለን ሁሉ እናውቀዋለን። ባነር ይሰቀላል፣ ቲሸርት ይታደላል፣ አንድ ካርቶን ማስክ ይከፈታል፣ ፎቶ እንነሳለን። በማግስቱ ያው ማሽን ያንኑ አቧራ ይተፋል። የተሰጠኝ ርእስ «በሥራ ቦታ የተለመዱ የጤና ጠንቆችና መከላከያቸው» የሚል ነው። ሰፊ ነው፤ የቻልኩትን እነካካለሁ። ግን ከአሁኑ ልንገራችሁ፣ የመጣሁት ስለዚያች ካርቶን ለመናገር ነው።

ቁጥሩን እናስቀድም። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የሥራ ድርጅት በጋራ ባወጡት ግምት፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ከሥራ ጋር በተያያዘ ምክንያት 1.9 ሚሊዮን ሰው ሞቷል። ከመቶ 81 እጁን የገደለው በሽታ ነው፤ የሳንባ፣ የልብ፣ ስትሮክ። አሁን የእኛን የወር ሪፖርት አውጡ። ጣት ተቆርጧል፣ ከመሰላል ተወድቋል፣ ዐይን ውስጥ ብረት ገብቷል። የታመመ ሰው የለም! አደጋ በዕለቱ ይታያል፤ ደም አለው፣ ምስክር አለው፣ ሰዓት አለው። የበሽታ ቀጠሮ ግን ሩቅ ነው። አስቤስቶስ የሚያመጣው የሳንባ ሽፋን ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ዓመት ይቆያል። ሲሊኮሲስ፣ ድንጋይና አሸዋ ውስጥ ያለው የሲሊካ አቧራ የሚያመጣው የሳንባ በሽታ፣ በተለመደው ዓይነቱ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ያን ጊዜ ሠራተኛው መታወቂያውን መልሶ ሄዷል፣ ፎርማኑም ተቀይሯል። ሰውየው የሚታመመው ከመዝገባችን ከወጣ በኋላ ስለሆነ ሪፖርታችን ንጹሕ ይመስላል።

የመከላከያውን ቅደም ተከተል ሁላችሁም ተምራችሁታል፤ ግድግዳ ላይም ለጥፈነዋል። መጀመሪያ ጠንቁን ከነጭራሹ አስወግድ። ካልሆነ ጉዳቱ ባነሰ ነገር ተካው። ካልሆነ ከልለው፣ ምጠጠው፣ አርጥበው። ቀጥሎ አሠራሩንና ሰዓቱን አስተካክል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ለተረፈው የግል መከላከያ አልብስ። አምስት ደረጃ ነው። እኛ ግን ፖስተሩን ከታች ወደ ላይ ነው የምናነበው፤ ከአምስተኛው እንጀምርና እዚያው እንቀራለን። ለምን እንደሆነም እናውቃለን። ማስክ በጥቃቅን ወጪ ይገዛል፤ መምጠጫ ማሽን በጀት ይጠይቃል። ማስክ ጥፋቱን ወደ ሠራተኛው ያዞራል፤ መምጠጫ ማሽን ኃላፊነቱን አስተዳደሩ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል።

ሆክስ ኔስት የሚባለውን ዋሻ ብዙዎቻችሁ በሥልጠና ላይ ሰምታችኋል። ዛሬ ዘርዘር ላድርገው፤ ሲነገር የሟቾቹ ቁጥር ይጠቀስና ዋናው ይዘለላል። ቦታው ዌስት ቨርጂኒያ፣ አሜሪካ ነው፤ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1930። የወንዝ ውኃ አቅጣጫ አስቀይሮ ኤሌክትሪክ ለማመንጨት በተራራ ሥር 5 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ዋሻ መቆፈር ተጀመረ። ወደ 3000 የሚጠጋ ሰው ከመሬት በታች ሠራ። አብዛኞቹ ሥራ ፍለጋ ከሌላ አካባቢ የመጡ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። ሥራ የጠፋበት ዘመን ነው፤ አንዱ እምቢ ቢል ሌላው በር ላይ ቆሟል። ድንጋዩ በሲሊካ የበለጸገ ነበር፤ ከንጽሕናው የተነሣ ለብረት ቅይጥ ማምረቻ ተፈለገና የዋሻው ከፊል ይበልጥ ሰፍቶ ተቆፈረ።

አሁን ልብ በሉ። በመሰርሰሪያው ውስጥ ውኃ እያሳለፉ መቆፈር በዚያ ዘመን የታወቀ አሠራር ነበር። አቧራው ገና ሳይነሣ ጭቃ ሆኖ ይወርዳል። በደረቁ መሰርሰር ግን ይፈጥናል፤ ስለዚህ በደረቁ ተሰረሰረ። ለሠራተኛው ማስክ አልነበረም፤ ለጉብኝት የሚገቡ አለቆች ግን ያደርጉ እንደነበር ተመስክሯል። በይፋ የታመነው የሟቾች ቁጥር 109 ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 በአሜሪካ ኮንግረስ የተካሄደው ምርመራ 476 አደረሰው። በኋላ የተሠራ ጥናት 764 ብሎ ገምቷል። አሥርና ሃያ ዓመት ያልጠበቁ ብዙ ነበሩ፤ በወራትና በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሞቱ፤ አቧራው ሲበዛ ሲሊኮሲስ ይቸኩላል።

ይህ ታሪክ ሲነሣ ሰው ሁሉ «ማስክ እንኳ አልሰጧቸውም» ይላል። እኔን የሚቆጨኝ ውኃው ነው። በዚያ አቧራ ውስጥ ማስክ ቢሰጣቸውስ? ማስኩ ይደፈናል፤ የተደፈነ ማስክ ትንፋሽ ይከለክላል፤ ሰውየው ያወልቀዋል። ከዚያም «አላደረገም» ተብሎ ይጻፍበት ነበር።

ዛሬስ? በብዙ ቦታ ግራናይትና ኮንክሪት በደረቁ እየተቆረጠ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ለሲሊካ ያስቀመጠችው ጣሪያ በስምንት ሰዓት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 50 ማይክሮግራም ነው። ይህን ያህል በዐይን አይታይም። የምታዩት አቧራ መሬት ይወድቃል፤ ሳንባ ጥግ የሚደርሰው የማታዩት ነው። የወጥ ቤት ጠረጴዛ የሚሠራበት ሰው ሠራሽ ድንጋይ ደግሞ ከመቶ ከ90 በላይ ሲሊካ የያዘ ዓይነት አለው። አውስትራሊያ በዚህ ምክንያት ወጣት ድንጋይ ቆራጮች ሲታመሙባት እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2024 ጀምሮ ድንጋዩን ከለከለችው። ከአምስቱ ደረጃ የመጀመሪያውን መረጠች ማለት ነው።

መከልከል በእጃችን ካልሆነ ውኃው አለ። በእጅ ለሚያዝ መቁረጫ ዲስክ ውኃው በደቂቃ ቢያንስ ግማሽ ሊትር፣ ያለማቋረጥ፣ ዲስኩ ድንጋዩን በሚነካበት ቦታ ይውረድ። አስቀድሞ በባልዲ ማርጠብ አይሠራም፤ ዲስኩ ወደ ውስጥ ሲገባ የሚያገኘው ደረቁን ነው። የተወጋ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዞ የሚያንጠባጥብ ረዳትም አይበቃም፤ ያ ምስኪን አቧራውን አብሮ ይስባል እንጂ። የውኃው ቀዳዳ በጭቃ ስለሚደፈን ከእያንዳንዱ ፈረቃ በፊት ይጸዳ። መሣሪያው የኤሌክትሪክ ከሆነ ለውኃ ሥራ የተሠራ ይሁን፤ መስመሩ ላይም የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ሲኖር ኃይሉን ወዲያው የሚቆርጥ መከላከያ ይግባበት። ጭቃውን እርጥብ ሳለ አንሡት፤ ሲደርቅ ነገ ያው አቧራ ነው።

ውኃ ለማይስማማው ሥራ፣ ለብየዳ፣ ለእንጨት ማሽን፣ ዱቄት ለሚገለበጥበት ቦታ፣ መምጠጫ አለ። እዚህ ላይ የማየው ጥፋት ሁሌ አንድ ነው፤ የመምጠጫውን አፍ ከምንጩ አርቆ ማስቀመጥ። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የአየሩ ፍጥነት ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ስፋቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቱቦ፣ ከአፉ 20 ሳንቲ ሜትር ሲርቁ የሚቀረው ፍጥነት ከመቶ አሥር ገደማ ነው። በያጁ እጁ እንዲፈታለት ብሎ ክንድ ያህል ገፋ ካደረገው ማሽኑ ይጮኻል እንጂ አይመጥም። ሁለተኛው ጥፋት፣ የሰውየው ፊት በምንጩና በመምጠጫው መካከል መግባቱ ነው። ጣሪያ ላይ ብቻ የተሰቀለ ቬንትሌተር ጭሱን የሚያወጣው በበያጁ አፍንጫ በኩል አሳልፎ ነው። መሥራቱን ለማወቅ ምንጩ ላይ የጭስ መፈተሻ ቱቦ ክፈቱና ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ ተመልከቱ። የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

አሁን ቅሬታዬን ልናገር።

«የችግሩ መንስኤ፦ ሠራተኛው ማስክ አላደረገም።» ይህን ዐረፍተ ነገር ስንት ጊዜ ፈረምንበት? ለምን እንዳላደረገ የሚጠይቅ መስመር ቅጻችን ላይ አለ? የለም! የሙቀቱን መጠን ማን ለካ? በደቂቃ ስንት ጊዜ እየጮኸ ከባልደረባው ጋር መነጋገር እንዳለበት ማን ጠየቀ? የሰጠነው ማስክስ ምን ዓይነት ነው? የሐኪም ቤት ማስክ ሰጥተን ሲሊካ እንዲከላከል የምንጠብቅ አለን። ያ ማስክ የተሠራው የለባሹ ምራቅ በሽተኛው ላይ እንዳይፈናጠቅ ነው፤ በጉንጭ በኩል ክፍት ነው። አቧራ የሚይዘው ፊት ላይ የሚገጥመው፣ ኤን 95 ወይም ኤፍኤፍፒ 2 እና 3 የሚባለው ነው። እሱም ጺም ላይ አይገጥምም፤ ለአንዱ ፊት የገጠመው ለሌላው አይገጥምም። ሁለቱን ላስቲክ አንገት ላይ ያደረገ ሰው ካያችሁ ማስኩ የለም ብላችሁ ቁጠሩ፤ አንዱ ከጆሮ በላይ፣ አንዱ ከጆሮ በታች ነው። የአቧራ ማስክ የቲነርና የማስቲሽ ሽታ አያቆምም፤ ለእሱ የከሰል ማጣሪያ ያለው ያስፈልጋል። የከሰሉም ዕድሜ ያልቃል፤ የሚቀየርበት ቀን ተጽፎ ይለጠፍ። ይህን ሁሉ ሳናስተምር፣ ሳንለካ፣ ሳንቀይር የምናድለው ካርቶን የአስተዳደሩን ፊርማ ይከላከል ይሆናል፤ ሳንባ ግን አይከላከልም!

ጓንትና ማስክ ከደመወዝ የሚቆረጥበት ቦታም አለ። የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ አንቀጽ 21 ላይ በግልጽ ይላል፤ የደህንነትና የጤና እርምጃ ሠራተኛውን ምንም ወጪ አያስወጣውም። ምንም! ስምምነቱ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች ተርታ ተቆጥሯል። የማኅበር ተወካዮች፣ ይህን አንቀጽ በኪሳችሁ ያዙ።

ወደ ሌሎቹ ጠንቆች ልለፍ፤ ሰዓቱም እየሄደ ነው።

ጩኸት። ክንድ ርቀት ላይ ካለ ሰው ጋር ለመነጋገር ድምፃችሁን ከፍ ማድረግ ካለባችሁ በድምፅ መለኪያው 85 ዴሲቤል ደርሳችኋል። 85 ላይ የሚፈቀደው ስምንት ሰዓት ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 94 ላይ አንድ ሰዓት ብቻ ይቀራል። እዚህም ከጆሮ በፊት ማሽኑን እዩ፤ የላላ ቡሎን፣ ያለቀ ኩሽኔታና ከለላ የሌለው የብረት ሰሌዳ ብዙውን ጩኸት ይሠራሉ። 30 ዴሲቤል የሚቀንስ የጆሮ መከላከያ ከስምንት ሰዓት ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ቢወልቅ የቀኑ ጥቅሙ ወደ 12 ይወርዳል። የስፖንጁን ዓይነት በጣት አቅጥኖ አንከባልሎ፣ ጆሮን በሌላው እጅ ወደ ላይና ወደ ኋላ ስቦ ማስገባት፣ እስኪነፋ ድረስ ለግማሽ ደቂቃ በጣት መያዝ ነው።

ኬሚካል። ቀለምና ቅባት ከእጅ በቲነር ወይም በቤንዚን አይታጠብም፤ የቆዳውን ቅባት ይጨርሳል፤ ነዳጁ ቤንዚን በውስጡ በያዘው፣ በእንግሊዝኛ «benzene» በሚባለው ኬሚካል በኩል ለደም ካንሰርም ያጋልጣል። በአንዳንድ ማስቲሽ ውስጥ ያለው ሄክሳን የእግርና የእጅ ነርቭ ያደነዝዛል። እርሳስ ያለበት ሥራ፣ በተለይ ባትሪ የሚፈታበት፣ ልብሱ እዚያው ይቀየር፣ እዚያው ይታጠብ፤ ቤት ከገባ የሚጎዳው ልጅ ነው።

ሙቀት። በየ15 እስከ 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ውኃ፤ ጥማት አይጠበቅም። አዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን ከሙሉው የሙቀት ሥራ ከመቶ 20 ብቻ ይሥራ፤ በየቀኑ 20 ይጨመርለት።

ሸክም። ሁኔታው ሁሉ ምቹ ሆኖ፣ ዕቃው ከሰውነት ተጠግቶ፣ ሳይዞሩ፣ ከወገብ ከፍታ ሲነሣ የሚመከረው ጣሪያ 23 ኪሎ ነው። 50 ኪሎ ጆንያ ለአንድ ሰው ማሸከምን «ወገብህን ቀጥ አድርግ» በሚል ሥልጠና ማስተካከል አይቻልም። ጋሪ ግዙ።

የጤና ምርመራ። በዓመት አንዴ የሚነሣ ራጅ መከላከያ ተብሎ ሲቀርብ እሰማለሁ። ራጁ ላይ ሲሊኮሲስ ከታየ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ መድኃኒት የለውም፣ ለሳንባ ነቀርሳም ያጋልጣል። ምርመራው ይቀጥል፤ ሲቀጠሩ፣ በሥራ ላይ፣ ሲለቁም። ውጤቱ ግን ለሠራተኛው በወረቀት ይሰጠው። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰው ከታመመ የሚመረመረው ማሽኑ ይሁን።

ከዚህ ስትወጡ ሁለት ሥራ እሰጣችኋለሁ። በሚቀጥለው ወር ሪፖርት ላይ «ማስክ አላደረገም» ከሚለው መስመር በላይ ሌላ መስመር ጨምሩ፤ «አቧራው ከየት ተነሣ? ምንጩ ላይ ምን ተደረገ?» የሚል። ባዶ ከሆነ ሪፖርቱ አይፈረም። ሁለተኛው ነገ ጠዋት የሚሠራ ነው። ሠራተኛ ልብሱን፣ ጠረጴዛውንና ወለሉን በኮምፕሬሰር አየር የሚያራግፍበትን ያን ቱቦ ንቀሉት፤ የወደቀውን አቧራ ሁሉ መልሶ ወደ ትንፋሹ ይልካል። በምትኩ ጥቃቅኑን የሚይዝ ማጣሪያ ያለው ቫኪዩም አስገቡ። እስኪገዛ ድረስ እርጥብ ጨርቅና እርጥብ መወልወያ ይበቃል።

አመሰግናለሁ።