ገዢ ያጣው ሠዓሊ የማታ ክፍል

ብሩክ፦ ዛሬ ስለ እንግሊዛዊው ሠዓሊ ዴቪድ ቦምበርግ እናወራለን። እ.ኤ.አ. በ1890 በርሚንግሃም ተወለደ፣ ያደገው ግን ለንደን፣ ዋይትቻፕል ነው። ወላጆቹ ከፖላንድ የመጡ አይሁዶች ነበሩ።

ሀና፦ ከስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተባረረው እሱ አይደል?

ብሩክ፦ አዎ፣ በ1913። በዓመቱ ቼልሲ ውስጥ የብቻውን ዐውደ ርእይ ከፈተ። «ዘ መድ ባዝ» (የጭቃ መታጠቢያው) የሚባለውን ትልቁን ሥዕሉን አውጥቶ ውጭ ግድግዳ ላይ ሰቀለው።

ሀና፦ ላላያችሁት ልንገራችሁ። ቀይ ገንዳ አለ፣ መሐሉ ላይ ጥቁር ቡናማ ምሰሶ ቆሟል። ሰዎቹ ነጭና ሰማያዊ ስለት ሆነው ዙሪያውን ይወራጫሉ። መነሻው እዚያው ዋይትቻፕል፣ ብሪክ ሌን መንገድ ላይ የነበረ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት ነው፤ የሠፈሩ ሰው የሚሄድበት። እኔ ባየሁት ቁጥር ጩኸቱ የሚሰማኝ ይመስለኛል።

ብሩክ፦ ከዚያ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጣ። ምሽግ ገባ፣ ወንድሙም ተገደለ። ሲመለስ ያ ማሽን ማሽን የሚል አሣሣል አልሆነለትም። ኢየሩሳሌም ሄደ፣ ስፔን ሄደ፣ ተራራና ከተማ ሣለ። ገዢ ግን የለም።

ሀና፦ ሥራም አጣ እኮ! ለማስተማር ማመልከቻ በማመልከቻ ላይ ጻፈ፣ የሚቀበለው ጠፋ። ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ ነው ቦሮ ፖሊቴክኒክ የሚባል የለንደን ኮሌጅ ያስገባው። ከታወቁት የሥዕል ትምህርት ቤቶች ተርታ የሚቆጠር አልነበረም።

ብሩክ፦ ለእኔ ትልቁ ሥራው እዚያ ነው። በኋላ ስመ ጥር ሠዓሊዎች የሆኑት ፍራንክ አወርባክና ሊዮን ኮሶፍ ሌላ ትምህርት ቤት እየተማሩ ማታ ማታ እሱ ጋ ይመጡ ነበር።

ሀና፦ ምን ነበር የሚያስተምራቸው?

ብሩክ፦ ከሰል ይዘህ ሞዴሏ ፊት ትቆማለህ። እሱ ቅርጿን በመስመር እንድትከብ አይፈልግም። ክብደቷ የት ላይ ነው ያረፈው? ዳሌዋ ላይ? ተረከዟ ላይ? በዓይንህ ብቻ ሳይሆን በእጅህ እንደዳሰስከው አድርገህ እንድታወጣው ነው የሚፈልገው። ካልሆነ አጥፋና እንደገና።

ሀና፦ አወርባክ ዕድሜ ልኩን የሠራውን ቀለም እየፋቀ እንደ አዲስ ሲጀምር የኖረው ለካ ከዚህ ነው! ደግሞ ደስ የሚለኝ፣ የሁለቱም ሥዕል ቦምበርግን አይመስልም። የእሱን አሣሣል አልገለበጡም።

ብሩክ፦ በ1953 ማስተማሩ አበቃ። ስፔን ወዳለችው ወደ ሮንዳ ከተማ ተመለሰ፣ በ1957 ሞተ። በዓመቱ የመታሰቢያ ዐውደ ርእይ ተዘጋጀለት።

ሀና፦ የለንደኑ ቴት ሙዚየም ደግሞ «ዘ መድ ባዝ»ን የገዛው በ1964 ነው። ግድግዳው ላይ ከተሰቀለ ሃምሳ ዓመት ሙሉ! ያ ገንዘብ ሮንዳ እያለ ደርሶት ቢሆን ኖሮ እያልኩ እቆጫለሁ።