የሚመለከተው አካል

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ እኔና ማይክሮፎኑ ብቻ ነን። ስለ መንግሥት ሥልጣን ልናገር አስቤ ማስታወሻ ስጽፍ ነበር የሰነበትኩት። ጽሑፉ ግን ደጋግሞ ወደ አንድ የቆየ ነገር መለሰኝ። ልሸሸው ሞከርኩ፣ አልሆነም። ስለዚህ ከእርሱ ልጀምር።

ብዙ ዓመት ሆኖታል። ወጣት ሳለሁ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ክፍል ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። ባለጉዳይ ወረቀቱን ይዞ ይመጣል፣ እኔ ከመዝገቡ ጋር አመሳክራለሁ፣ ከተስማማ ማኅተም አደርግበታለሁ፣ ካልተስማማ እመልሰዋለሁ። አንድ ቀን፣ የምሳ ሰዓት ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት መጡ። ስማቸው በአንዱ ወረቀት በጸሎቱ «ጸ»፣ በሌላው በፀሐዩ «ፀ» ተጽፏል። እንደምታውቁት የሁለቱ ፊደላት ድምፅ አንድ ነው። ጮክ ብዬ ባነበው ልዩነቱ ለእኔም አይሰማኝም።

«እናቴ፣ ስሙ አይመሳሰልም» አልኳቸው።

«የማን ስም?»

«የእርስዎ።»

«ከማን ስም ጋር?»

«ከእርስዎ ስም ጋር።»

ትንሽ ዝም ብለው አዩኝና «ልጄ፣ እኔ እኮ እዚህ ቆሜያለሁ» አሉኝ።

እኔም የተለመደውን መለስኩ። መመሪያው አይፈቅድልኝም፣ የሚመለከተውን አካል ይጠይቁ አልኳቸው። ወረቀታቸውን አጣጥፈው ሄዱ።

አሁን ወደሚያሳፍረው ደረስኩ። መመሪያው ይፈቅድ ነበር። ሁለት ምስክሮች ቀርበው፣ ቃላቸው ተጽፎ፣ የክፍሉ ኃላፊ ከፈረመበት እንዲህ ያለው ስሕተት ይታረማል የሚል አንቀጽ ነበረው። አንቀጹን አውቀዋለሁ። ብነግራቸው ግን ቅጹን መሙላት፣ ኃላፊውን መፈለግ፣ ምሳዬን ማሳለፍ ሊኖርብኝ ነው። ባልነግራቸው ደግሞ ማንም አይጠይቀኝም። ስለዚህ ይህን ታሪክ የመንግሥትን ጭካኔ ለመውቀስ ብጠቀምበት ቀጣፊ ነኝ። ከመስኮቱ በስተጀርባ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ።

ሳስበው የሚገርመኝ የተጠቀምኩበት ቋንቋ ነው። የሚመለከተው አካል! ይህን አካል ያየው ሰው አለ? ቢሮው የት ነው? ተወስኗል፣ ታግዷል፣ ተሰርዟል፣ እንዲፈጸም ታዟል እንላለን። በእነዚህ ግሶች ውስጥ ሰው የለም። አማርኛ ባለቤቱን በግሱ ውስጥ ይዞ የሚዞር ቋንቋ ነው፤ «ወሰንኩ» ስል እኔ በመጨረሻዋ «ኩ» ውስጥ አለሁ። «ተወስኗል» ስል ግን ያቺን «ኩ» አውጥቼ መሳቢያ ውስጥ ቆልፌባታለሁ ማለት ነው። ትንሽ ፊደል ናት፤ ለመሸከም ግን ከባድ ናት።

«ኃላፊነት» የሚለውም ቃል ያግዘናል። ኃላፊ አለቃው ነው፤ ኃላፊነትም የአለቃው ነገር ሆኖ ይሰማናል። ከበታች ያለነው እንግዲህ ምን ቸገረን? ደግሞ ኃላፊ ማለት የሚያልፍ ማለትም ነው። አለቃው ሲያልፍ ኃላፊነቱም አብሮት ያልፋል፣ ማኅተሙ ግን ይቀራል።

ከቃል ወደ ሥዕል ልሂድ። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ቶማስ ሆብስ በ1651 ሌዋታን የተባለውን ታላቅ የፖለቲካ መጽሐፉን ሲያሳትም፣ በመግቢያው ገጽ ላይ አንድ ግዙፍ ንጉሥ ተስሏል። ዘውድ ጭኗል፣ በአንድ እጁ ሰይፍ፣ በሌላው የጳጳስ በትር ይዞ ከተራራ ጀርባ ብቅ ብሏል። ቀረብ ብላችሁ ስታዩት ገላው የሚሠራው ከሰዎች ነው። ከ300 በላይ ጥቃቅን ሰዎች እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርበው ደረቱንና ክንዱን ሆነዋል። ሁሉም ፊታቸውን ወደ ንጉሡ ራስ አዙረው፣ ለእኛ ጀርባቸውን ሰጥተዋል። የሚመለከተው አካል ማለት እንግዲህ ይህ ነው ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ፤ አካሉ በሙሉ ወደ ላይ ይመለከታል።

ሆብስ ይህን የጻፈው ሀገሩ በእርስ በርስ ጦርነት ስትታመስ ነው፤ ስለዚህ ሥርዓት መናፈቁን አልፈርድበትም። ክርክሩ ባጭሩ ይህ ነው፦ እርስ በርስ እንዳንበላላ ሥልጣናችንን ለአንድ አካል ሰጥተናል፤ ስለዚህ ያ አካል የሚያደርገው ሁሉ የእኛ ድርጊት ነው፤ የራሱን ድርጊት ደግሞ ማንም ሊከስ አይችልም። እኛ ይህንኑ በአራት ቃላት እንጨርሰዋለን፦ ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስም። እኔ ግን ሐሳቡን ስገለብጠው ሌላ ፊት አገኘሁበት። የመንግሥት ድርጊት በእውነት የእኔ ከሆነ፣ መክሰስ አልችል ይሆናል፤ ከተከሳሽነት ግን አላመልጥም። ሆብስ ወደዚያ አልሄደም። የሚገርመው፣ ለንጉሥ ቻርልስ ዳግማዊ ባበረከተው በእጅ በተጻፈው ቅጂ ላይ እነዚያ ጥቃቅን ሰዎች ፊታቸው ወደ ውጭ፣ ወደ ተመልካቹ ነው። እኔ ይህኛውን ሥዕል እመርጣለሁ። ፊት ያለው ሰው ይጠየቃል።

አሁን ወደ መዝገብ ልመለስ፣ ምክንያቱም መዝገብ ሙያዬ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በኔዘርላንድስ የሕዝብ መዝገብን በበላይነት የሚመራ ያኮብ ሌንትስ የሚባል ባለሙያ ነበር። የናዚ ፓርቲ አባል አልነበረም። የሚወደው ነገር ሥርዓት ያለው ካርድ ነው። ከጦርነቱ በፊት ለዜጎች ሁሉ መታወቂያ ለመስጠት ሐሳብ አቅርቦ የሀገሩ መንግሥት አልተቀበለውም ነበር። ጀርመኖች ሀገሪቱን ሲይዙ ግን ሰሚ አገኘ። በ1941 ከ15 ዓመት በላይ ለሆነው ሁሉ መታደል የጀመረው መታወቂያ፣ ፎቶግራፍና የጣት አሻራ ያለበት፣ አስመስሎ ለመሥራት እጅግ የሚያስቸግር ነበር። በሥራው ጥራት ይኮራ ነበር። በአይሁዶች መታወቂያ ላይ «ጄ» የምትባለዋ ፊደል በትልቁ ታተመች። በሀገሪቱ ከነበሩት 140,000 ገደማ አይሁዶች ከ100,000 በላይ ተገደሉ። ምክንያቱ ካርዱ ብቻ ነው አልልም፤ ካርዱና መዝገቡ ግን ሰውን ከነአድራሻው አሳልፈው ሰጥተዋል። ከጦርነቱ በኋላ ሌንትስ 3 ዓመት እስራት ተፈረደበት።

እኔን የሚያስፈራኝ ክፉነቱ አይደለም፤ በቂ ክፋት አላገኘሁበትም። የሚያስፈራኝ የማውቀው ሰው መሆኑ ነው። ፊደል ሳትዛነፍ፣ መስመር ሳይጎብጥ ሲቀር የሚሰማውን ደስታ አውቀዋለሁ። ያ ደስታ ንጹሕ ነው፤ ጥፋቱም እዚያው ላይ ነው፣ ወረቀቱ ሲያምርልህ ሰውየው ይረሳሃል።

በዚያው ሀገር፣ በዚያው መዝገብ ዙሪያ ግን ሌላ ታሪክ አለ። ሐሰተኛ መታወቂያ የሚሠሩ አርበኞች አንድ ችግር ነበረባቸው፤ ካርዱ ምንም ያህል ቢያምር ከዋናው መዝገብ ጋር ሲመሳከር ይጋለጣል። ስለዚህ መጋቢት 27 ቀን 1943 ሌሊት፣ ሠዓሊና ጸሐፊው ቪለም አሮንዴውስ እና ቀራጺው ጌሪት ቫን ደር ቬን ያሉበት ቡድን የፖሊስ ልብስ ለብሶ ወደ አምስተርዳም የሕዝብ መዝገብ ቤት ገባ። ጠባቂዎቹን አልገደሏቸውም፤ በመርፌ አስተኝተው ወደ ውጭ አወጧቸው። ከዚያም ካርዶቹን ከየመሳቢያው ዘርግፈው እሳት ለቀቁባቸው። 800,000 ያህል ካርዶች ተቃጠሉ። ብዙም ሳይቆይ አብዛኞቹ ተያዙና በሐምሌ 1943 12ቱ ተረሸኑ።

የዚህን ታሪክ ጀግኖች አከብራለሁ፤ ልቤ የሚቀረው ግን እሳት አደጋ ሠራተኞቹ ጋ ነው። ነገሩ ስለገባቸው ለመድረስ አልቸኮሉም። ሲደርሱም እሳቱን አጠፉ፤ ነገር ግን ውሃውን ሳይሰስቱ አፈሰሱት፣ እሳት ያልነካውን ካርድ ሁሉ እስኪያበሰብሰው ድረስ። ሥራቸውን አልተዉም። ቱቦ ይዘው ውሃ ረጩ፣ ከእሳት አደጋ ሠራተኛ የሚጠበቀውም ይኸው ነው። ያ ሌሊት እነማን እንደሆኑ ግን በውሃው መጠን ታወቀ።

መታወቂያና ማንነት የሚለያዩት እዚህ ላይ ይመስለኛል። መታወቂያ ሌላው እኔን የሚያውቅበት ነው፤ ከውጭ ይሰጣል፣ ከውጭ ይነጠቃል። ሳይኖር ሲቀርም ቀልድ አይደለም፤ ወረቀት የሌለው ሰው ድንበር አይሻገርም፣ አይወርስም፣ አይመርጥም። በ1948 የጸደቀው ዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ በ6ኛው አንቀጹ ማንኛውም ሰው በሕግ ፊት ሰው ሆኖ የመታወቅ መብት አለው ይላል። ሰው ሰው መሆኑ እንዲታወቅለት አንቀጽ አስፈለገው! ስለዚህ መዝገብ ይቃጠል ብዬ አልሰብክም። ያቺ እናት የመጡት መዝገቡ ውስጥ መግባት ፈልገው ነው።

ማንነትን ግን ማንም በማኅተም ሊሰጠኝ አይችልም። ስወስን፣ ስፈርም፣ ዝም ስል ይሠራል። ችግሩ፣ ሰንሰለቱ ሲረዝም ይህን መርሳት ቀላል መሆኑ ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያው ስታንሊ ሚልግራም ከ1961 ጀምሮ በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ ያደረገውን ሙከራ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በአንዱ ዙር ከ40 ተሳታፊዎች 26ቱ፣ አዛዡ «ቀጥል» ስላላቸው ብቻ፣ ሌላውን ሰው በኤሌክትሪክ እየቀጣን ነው ብለው እያመኑ እስከ 450 ቮልት ሄዱ። የሚቀጣው ሰው በእርግጥ ተዋናይ ነበር። የሙከራው አሠራር ብዙ ትችት ገጥሞታል፤ ይሁን። እኔን የያዘኝ ብዙ ጊዜ የማይነሣው ሌላው ዙር ነው። በዚያ ተሳታፊው ማብሪያውን ራሱ አይጫንም፤ ጥያቄ ማንበብን የመሰለ ተጓዳኝ ሥራ ብቻ ይሠራል፣ የሚጫነው ሌላ ሰው ነው። ከ40ው 37ቱ እስከ መጨረሻው ተባበሩ። 37! የመዝገብ ክፍሉ ወንበር ማለት ይህ ነው። እኔ ማብሪያ ነክቼ አላውቅም፤ ወረቀት ነው ያመሳከርኩት።

ሕጉ ይህን መደበቂያ ለመዝጋት ሞክሯል። በነሐሴ 1945፣ የናዚ መሪዎች የተዳኙበትን የኑረምበርግን ፍርድ ቤት ያቋቋመው ሰነድ፣ ታዝዤ ነው ማለት ቅጣት ሊያቀል ቢችል እንጂ ከተጠያቂነት አያድንም ይላል። ጥሩ ነው፤ ግን ለጦር ወንጀለኛ የተጻፈ ሕግ ለአንዲት «ጸ» አይደርስም።

አንድ ወዳጄ ይህን ሁሉ ብነግረው አልተዋጠለትም። «ጸሐፊው ሁሉ እንደ ሕሊናው ይሥራ ካልክ፣ ለዘመዱ የሚያዳላውና ጉቦ የሚበላውም ሕሊናዬ ነው ይልሃል። መመሪያ የመጣው ካንተ ስሜት ሊጠብቀን ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ለቀናት መልስ አጣሁለት። በኋላ አንድ መለያ ያገኘሁ መሰለኝ፦ ሰውየው ስሙን ይጽፍበታል ወይ? ጃፓናዊው ዲፕሎማት ቺዩኔ ሱጊሃራ በ1940 በጋ፣ በሊትዌኒያ ካውናስ ከተማ ሆኖ፣ ከመሥሪያ ቤቱ የተሰጠውን መመሪያ ተላልፎ ለሚሸሹ አይሁዶች የመሸጋገሪያ ቪዛ በእጁ እየጻፈ ሰጠ። ከዚያም የሰጣቸውን ሰዎች ዝርዝር፣ ከ2,100 በላይ ስም፣ ለራሱ መሥሪያ ቤት ላከ። ጉቦ የሚበላ ሰው እንዲህ ያለ ዝርዝር አይልክም። ያቺን «ኩ» በአደባባይ መሸከም ማለት ይህ ነው።

ለወዳጄ ይህን በኩራት ነገርኩት። «አምስተርዳሞቹስ? የፖሊስ ልብስ ለብሰው አልነበረም?» አለኝ። መለያዬ እዚያው ተሰነጠቀ። ሆኖም አልጣልኩትም፤ ስሙን መደበቅ ግድ የሆነበት ጊዜ አለ፣ የእኔ ግን ያ ጊዜ አልነበረም። እኔን የሚረሽነኝ ማንም አልነበረም። የሚቀርብኝ ምሳ ብቻ ነበር።

እኚያ እናት ተመልሰው አልመጡም። ምናልባት ሌላ መስኮት ላይ የተሻለ ሰው ገጥሟቸዋል፤ ምናልባት ደክሟቸው ትተውታል። ከዚያ ቀን በኋላ ለባለጉዳይ «የሚመለከተውን አካል ይጠይቁ» ያላልኩ እንዳይመስላችሁ፤ ዓመት ያህል ብያለሁ። ይህ ነገር የቆጠቆጠኝ ሥራውን ከለቀቅሁ በኋላ፣ የራሴ ወረቀት በሌላ ሰው ጠረጴዛ ላይ ሲተኛ ነው። ስለዚህ ንስሐዬም ቢሆን ብዙ አይወራለትም።

ሙሉ ስማቸውን ዛሬ አላስታውሰውም። መዝገቡ ላይ የነበረው ግን የፀሐዩ «ፀ» ነበር።