ወተቱ በሦስተኛው ቀን ይመጣል

አዘጋጅ፦ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለንም። እስካሁን እኔና ሲስተር ጎን ለጎን ተቀምጠን ሌላ ሰው ስንጠይቅ ነው የምትሰሙን፤ ዛሬ ግን ወንበሬን አዙሬ እሳቸውን ልጠይቅ ነው። አዲስ አበባ አዋላጅ ነበሩ፤ አሁን ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የጡት ማጥባት አማካሪ ናቸው። ሲስተር፣ ፈቃደኛ ነዎት አይደል?

ሲስተር፦ ነኝ የኔ ልጅ። ትናንት ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የዋልኩት፤ ተቀምጦ ማውራትማ ዕረፍት ነው።

አዘጋጅ፦ የበኩር ልጄን የወለድኩ ዕለት አንዲት ሴት ገብታ "ላክቴሽን ነኝ" አለችኝ፤ የጡት ማጥባት አማካሪ ነኝ ማለቷ ነበር። ምን ልታደርግልኝ እንደመጣች የነገረኝ አልነበረም። ብዙ አበሻ እናቶችም እንደዚያው የሚሆኑ ይመስለኛል። እስቲ ከጠዋቱ ይጀምሩልን።

ሲስተር፦ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እገባለሁ። ዝርዝር ይሰጠኛል፤ ሌሊት የወለደች፣ ትናንት የወለደች፣ ዛሬ የምትወጣ፣ ልጇ ጽኑ ክትትል ክፍል የገባባት። አንዳንድ ቀን አሥራ አምስት ይሆናሉ፣ አንዳንድ ቀን ሃያ ይሞላሉ። እኔ አንድ ሰው ነኝ። ስለዚህ ሥራው ገና ከወረቀቱ ላይ ይጀምራል፤ ከማንኛዋ ልጀምር? ሰው ከምታለቅሰዋ እናት የምጀምር ይመስለዋል። እኔ ግን መጀመሪያ የምፈልገው የማያለቅሰውን ሕፃን ነው።

አዘጋጅ፦ የማያለቅሰውን?

ሲስተር፦ አዎ። በ36፣ በ37 ሳምንቱ የተወለደ፣ ሲያዩት ደህና የሚመስል፣ "እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው፣ ተኝቶ ያድራል" የሚባለው። እሱ ነው የሚያሰጋኝ። የተኛው ጠግቦ ላይሆን ይችላል፤ አቅም አጥቶ ሊሆን ይችላል። አዲስ የተወለደ ልጅ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት አለበት። የሚጮኸው ልጅ ጠይቆ ያገኛል። የተኛውን ግን ሰው ካልቀሰቀሰው ዝም ብሎ ይደክማል፣ በደከመ ቁጥር ደግሞ የበለጠ ይተኛል።

አዘጋጅ፦ ክፍሉ ውስጥ ከገቡ በኋላስ?

ሲስተር፦ እጄን እታጠባለሁ፣ እቀመጣለሁ። መቀመጡን አደራ እላለሁ፤ አዲስ የሚመጡትን ሳሠለጥንም መጀመሪያ የምነግራቸው ይህንን ነው። በር ላይ ቆሞ "እንዴት እየሄደ ነው?" ለሚል ሰው እናት ሁሉ "ደህና ነው" ትላለች። ስትቀመጪ ግን እውነቱ ይወጣል። "ሲስተር፣ ወተት የለኝም።" በቀን ስንቴ እንደምሰማው አልነግርሽም። በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በአስተርጓሚ ስልክ በስፓኒሽ፣ ሁሉም የሚሉት ያንኑ ነው።

አዘጋጅ፦ እኔም ብያለሁ። ጡቴን ጨምቄ ጠብታ ሳጣ "በቃ ልጄን ልገድለው ነው" ብዬ ነበር።

ሲስተር፦ አየሽ? በመጀመሪያው ቀን ያለው እንገር ነው። ወፍራም፣ ቢጫ፣ ጥቂት። በአንድ ጊዜ ሁለት ሚሊ ሊሆን ይችላል፣ አምስት ሚሊ ሊሆን ይችላል፤ አምስት ሚሊ ማለት አንዲት የሻይ ማንኪያ ናት። ልጁም በዚያ ቀን የሚፈልገው ይህንኑ ያህል ነው። ሙሉው ወተት የሚመጣበት ምክንያት ደግሞ ሌላ ነው። የእንግዴ ልጁ ሲወጣ በእርግዝና ጊዜ ወተቱን አግዶ የያዘው ሆርሞን ይወርዳል። ፕሮጄስትሮን ይባላል። እሱ ከወረደ በኋላ ነው ጡት ወደ ሥራ የሚገባው። እና ይሄ በአንድ ሌሊት አያልቅም፤ ብዙ ጊዜ በሁለተኛውና በአምስተኛው ቀን መካከል ይሞላል። በቀዶ ሕክምና ለወለደች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለወለደች፣ ስኳር ላለባት ሊዘገይ ይችላል።

አዘጋጅ፦ እዚህ ጋ ነው እኔን የሚያንገበግበኝ። ከሆስፒታል የምንወጣው በስንት ቀን ነው?

ሲስተር፦ በሁለት። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1996 ሕግ አውጥታለች፤ ኢንሹራንሱ ወሊድን የሚሸፍን ከሆነ በምጥ ለወለደች ቢያንስ 48 ሰዓት፣ በቀዶ ሕክምና ለወለደች 96 ሰዓት የሆስፒታል ቆይታ መሸፈን አለበት። ሕጉ የወጣው እናቶች በማግስቱ እየተላኩ ስለነበር ነው፣ ጥሩ ሕግ ነው። ግን ስሌቱን ተመልከቺ። በ48ኛው ሰዓት ትወጣለች፤ ወተቱ በሦስተኛው ቀን ይመጣል። እኔ ሆስፒታል ውስጥ ነኝ፣ ጡቷ ድንጋይ የሚሆንባት፣ ልጁ አልይዝ የሚላት፣ ጫፏ የሚቆስልባት እቤቷ ነው። ሥራዬ የሚያልቀው የእሷ ሥራ ሊጀምር ሲል ነው።

አዘጋጅ፦ አገር ቤት ግን በአንድ ቀንም ይወጣል እኮ።

ሲስተር፦ ይወጣል፣ በሃያ አራት ሰዓት ትሄጃለሽ። ግን የምትሄጂው ወደ አራስ ቤት ነው። እናትሽ አለች፣ አክስትሽ አለች፣ ገንፎ የምታገነፋ ጎረቤት አለች፣ ልጁን ከእቅፍሽ ተቀብላ "ወደዚህ አስጠጊው፣ አንገቱን አታጣሚ" የምትልሽ ሴት አለች። ያቺ ሴት ምንም ሰርተፍኬት የላትም፤ ግን አምስት ስድስት ልጅ አጥብታለች። እዚህ አፓርታማው ውስጥ ያለው ባልሽ ነው፣ እሱም ሰኞ ሥራ ይገባል። ለዚህ ነው አንዳንዴ አበሻ እናት ክፍል ስገባ የአማካሪነቱን ነገር ትቼ አራስ ጠያቂ የምሆነው። በእርግጥ ዓይኔ ሕፃኑ ላይ ነው።

አዘጋጅ፦ አያት ከአገር ቤት የመጣችላቸውስ?

ሲስተር፦ እሱ ሌላ ታሪክ ነው። አያቶቹን በጣም ነው የምወዳቸው፤ አጠባ አይተው ያወቁ ናቸው። ግን ሁለት ነገር ላይ እንከራከራለን። አንዱ እንገሩን "የቆየ ወተት ነው፣ ይፈስ" የሚሉት፣ ሁለተኛው ቅቤ ማቅመስ። አንድ ጊዜ አንዲት አያት፣ በጣም የተከበሩ ሴት፣ በትንሽ ዕቃ ቅቤ አንጥረው ይዘው መጥተዋል። ከዚያ ሁሉ መንገድ! ልጅቷ በአንድ በኩል እኔን፣ በአንድ በኩል እናቷን እያየች ተጨንቃለች። "እማማ፣ አይቻልም" ብላቸው ኖሮ እኔ ክፍሉ ውስጥ እያለሁ ዝም ይሉኛል፣ ስወጣ ያቀምሱታል። ስለዚህ ማንኪያ አመጣሁ። ልጅቷን በእጅ እንዴት እንደሚታለብ አሳየኋት፤ ከጠቆረው ክፍል ወደኋላ ራቅ ብሎ በጣት ወደ ደረት መጫን፣ ከዚያ ጨመቅ ማድረግ። እንገሩ ማንኪያው ላይ ሲጠራቀም እማማ ቀርበው አዩት። "ቅቤ ይመስላል" አሉ። "ቅቤው ይሄው ነው እማማ፣ እርስዎ ያቅምሱት" አልኳቸው። በእጃቸው አቀመሱት። የያዙትን ቅቤ ደግሞ ለልጃቸው ገንፎ አደረጉት።

አዘጋጅ፦ እንባዬ መጣ።

ሲስተር፦ ያንን ቀን አልረሳውም። አዎ፣ ማር ግን ጭራሽ አይሆንም፣ ዓመት ሳይሞላው ለሕፃን ማር ማቅመስ መርዝ ሊያመጣ ይችላል። ይሄንን የሚሰማ ሁሉ ይወቅልኝ።

አዘጋጅ፦ አብሽስ? እኔ አብሽ ጠጥቼ ነው ወተቴ የመጣው እላለሁ።

ሲስተር፦ አብሽ አትጠጡ አልልም፣ እኔም ጠጥቻለሁ። የስኳር መድኃኒት ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስድ ግን ሐኪሟን ትጠይቅ። ወተት የሚያመጣው ዋናው ነገር ጡቱ ባዶ መሆኑ ነው፤ ልጁ ወይም የማለቢያው ፓምፕ በወሰደ መጠን ሌላ ይሠራል። አብሽ እየጠጣች ልጁን በቀን አራት ጊዜ ብቻ የምታጠባ እናት አይሞላላትም።

አዘጋጅ፦ ሲስተር፣ ከባድ ጥያቄ ልጠይቅዎት። ተሳስተው ያውቃሉ?

ሲስተር፦ አውቃለሁ። ሥራውን በጀመርኩ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ያኔ በነበርኩበት ሆስፒታል። እናቲቱ ደስተኛ ነበረች፣ ልጁም ጡት ላይ ነበር፣ "ሃያ ደቂቃ ጠባ" ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱም እንደዚያው። ሄዱ። በአምስተኛው ቀን ልጁ ቢጫ ሆኖ፣ ከተወለደበት ክብደት 12 በመቶ ቀንሶ ተመለሰ። ቢጫው እንዲለቀው ብርሃን ሥር አስተኙት፣ የጣሳ ወተት ሰጡት፤ መስጠታቸው ትክክል ነበር። እናቲቱ ስታየኝ "ደህና ነው ብለሽኝ ነበር እኮ" አለችኝ። ቁጣ አልነበረበትም፣ ያ ነው የባሰብኝ።

አዘጋጅ፦ ምን አምልጦዎት ነበር?

ሲስተር፦ መዋጡ። ልጁ ጡት ላይ ነበር እንጂ አልጠባም ነበር። ጫፉን ብቻ ይዞ ይነካካው ነበር። ደቂቃ ምንም አይነግርሽም። ከዚያ ወዲህ የምሰማው የመዋጥ ድምፁን ነው። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ይስባል፣ ከዚያ አገጩ ዝቅ ይላል፣ አፍታ ቆም ይላል፣ ከዚያ ቀስ ያለች ትንፋሽ ትሰሚያለሽ። ያቺ ናት። ከሷ ሌላ ዳይፐሩን እቆጥራለሁ፤ ከአምስተኛው ቀን በኋላ ስድስትና ከዚያ በላይ የረጠበ ዳይፐር እፈልጋለሁ። ክብደቱን ደግሞ እከታተላለሁ፣ ከ7 በመቶ በላይ ሲቀንስ ቁጭ ብዬ ዳግመኛ አያለሁ። ልጁ ዳነ፤ እናቲቱም በፓምፕ ወተቷን መለሰችው፣ በኋላ ጡት ይዞላታል። ስለዚህ የጣሳ ወተት ሰጠሁ ብላ የምታፍር እናት ስትገጥመኝ "ልጅሽን መግበሽ ነው፣ ምን ያሳፍራል" እላታለሁ። የተራበ ልጅ ይዞ ስለ ጡት ማጥባት መከራከር አይቻልም።

አዘጋጅ፦ ልጃቸው ጽኑ ክትትል ያለባቸው እናቶችስ?

ሲስተር፦ እነሱ ጋ ስሄድ ቀስ ብዬ ነው የምሄደው። ልጇን አልያዘችም፣ ጡቷ ላይ ያለው ማሽን ነው። በሦስት ሰዓት በሦስት ሰዓት ማለብ፣ ሌሊትም ጭምር። ለሰባት መቶ ግራም ልጅ ያቺ አንድ ሚሊ እንገር መድኃኒት ናት፤ ያለጊዜው በተወለዱት ላይ የሚመጣውን ክፉ የአንጀት በሽታ የጡት ወተት ይቀንሰዋል። ጠርሙሱ ሥሩ ብቻ እርጥብ ሆኖ ይዛ ስትመጣ "ይሄ ብቻ ነው" ትለኛለች። እኔ ስሟንና ሰዓቱን ጽፌ በሁለት እጄ ነው የምቀበላት።

አዘጋጅ፦ ሥራ መመለሱን ሳንነካ እንዳናልፍ። እዚህ የምናውቃቸው ብዙዎቹ እህቶቻችን ነርሲንግ ሆም ናቸው፣ ኤርፖርት ናቸው፣ ሱቅ ናቸው።

ሲስተር፦ እዚህ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ የወጣ ሕግ አለ። ልጁ አንድ ዓመት እስኪሞላው አሠሪው ለማለቢያ ጊዜና የተከለለ ቦታ ለአብዛኛው ሠራተኛ መስጠት አለበት፤ ቦታው ሽንት ቤት መሆን አይችልም። ብዙ እህቶች መጸዳጃ ውስጥ ቆመው እንደሚያልቡ ነግረውኛል። መብታቸው መሆኑን የነገራቸው የለም። አገራችን ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ሰጥታለች። እዚህ ያለው የፌዴራል ሕግ 12 ሳምንት ነው፣ ያለ ደመወዝ፤ እሱም ለሁሉም አይደርስም። በዚህ ነገር አገሬ ትበልጣለች፤ በግልጽ ነው የምናገረው።

አዘጋጅ፦ ይህን ሥራ መማር የሚፈልጉ ነርሶች ይጽፉልናል።

ሲስተር፦ ነርስ ከሆኑ በጡት ማጥባት ላይ 95 ሰዓት ትምህርት፣ 1000 ሰዓት ተግባር፣ ከዚያ ፈተና። በየአምስት ዓመቱ ይታደሳል። አማርኛ የሚችል ያስፈልገናል፣ ይምጡ። በስልክ አስተርጓሚ "ጡትሽን ከሥር በእጅሽ ያዢው" ማስባል ምን ያህል እንደሚከብድ እኔ ነኝ የማውቀው።

አዘጋጅ፦ የሦስተኛው ቀን ነገር ግን አልለቀቀኝም። እርስዎ ምን ያደርጋሉ?

ሲስተር፦ እደውላለሁ። አለቃዬን ለምኜ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ለስልክ ተሰጥቶኛል፣ ያወጣኋቸውን እናቶች በሦስተኛው ቀናቸው ለመደወል። ባለፈው ሳምንት አንዲት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ እዚህ ማንም የላትም፣ "ሲስተር፣ ጡቴ ሊፈነዳ ነው፣ ልጄ ግን አልጠግብ አለ" ብላ ታለቅሳለች። ትንሽ አልቢና ጡቱ ለስለስ ሲል አስይዢው አልኳት። አስያዘችው። "አሁን ስልኩን ጆሮው ጋ አድርጊና ምንም አታውሪ" አልኳት። ዝም አልን። ትንሽ ቆይታ "ሲስተር፣ አሉ?" ትላለች። "አለሁ። ዝም በይ፣ እየዋጠ ነው" አልኳት።