«ጋሼ፣ ድምፁን ላጥፋው?»

እንደምን አመሻችሁ? የጌም ኮዳችሁን ትታችሁ ስለ ጌም ሙዚቃ የምለውን ለመስማት ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

መጀመሪያ የሠራሁት ጌም ስለ ታክሲ ረዳት ነበር። ረዳቱ ይሮጣል፣ ተሳፋሪ ይጠራል፣ ሂሳብ ይሰበስባል። ሙዚቃውን ለመምረጥ ብዙ አልተጨነቅኩም። በጣም የምወደው የዋሽንት ዜማ ነበረኝ፣ በትዝታ ቅኝት። ያሰማሁት ሰው ሁሉ «ውይ ሲያምር!» አለኝ። ከተትኩት። ከዚያ የጎረቤታችን ልጅ ስልኬን ተቀብሎ መጫወት ጀመረ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ቀና ብሎ «ጋሼ፣ ድምፁን ላጥፋው?» አለኝ።

ከፋኝ። ግን ልጁ ልክ ነበር። ጣቱ ይሮጣል፣ ዋሽንቱ ይተክዛል። ደግሞ በተሸነፈ ቁጥር ዜማው ከመጀመሪያው ይጀምራል። ልጁ ቶሎ ቶሎ ነው የሚሸነፈው። ስለዚህ ያ የምወደው ዜማ ለእሱ መግቢያ ብቻ ነበር፤ እየተደጋገመ የሚመጣ መግቢያ።

ከዚያ ወዲህ ለጌም ሙዚቃ ስመርጥ ዓይኔን ጨፍኜ አላዳምጥም። እየተጫወትኩ ነው የምሰማው። ሲሸነፉም ሙዚቃው አይቋረጥም፤ ካለበት ይቀጥላል።

የድሮዎቹ ጌም ሠሪዎች ይህን ቀድመው ያውቁት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ጃፓን ውስጥ የወጣው ስፔስ ኢንቬደርስ የሚባል ጌም ሙዚቃው አራት ወፍራም ድምፆች ናቸው። በቃ። እየተደጋገሙ ይወርዳሉ። ተጫዋቹ የሚተኩስባቸው የጠፈር ወራሪዎች ሲፈጥኑ ግን ምቱም አብሮ ይፈጥናል፣ የተጫዋቹም ልብ አብሮ ይመታል። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ላይም የቀረው ሰዓት ከ100 ሲወርድ ያው የሙዚቃ ደራሲው የኮጂ ኮንዶ ዜማ በአንዴ ይጣደፋል። አዲስ ዜማ አላስፈለገም።

እኛም ይህን በክራርና በከበሮ መሥራት እንችላለን። ሙዚቀኛውን «አንድ አሪፍ ነገር ሥራልኝ» አትበሉት። ጌሙን ስትጫወቱ በቪዲዮ ቅዱና ስጡት። መሣሪያዎቹ በአንድ ፍጥነት፣ ግን ለየብቻ ይቀረጹ። ረዳቱ ቆሞ ሲጠብቅ ክራር ብቻ። መሮጥ ሲጀምር ከበሮ ይግባ። ትራፊክ ፖሊስ ብቅ ሲል ማሲንቆው ይጩህ። ሁሉም አብረው ይሄዳሉ፤ እናንተ የምትከፍቱትና የምትዘጉት ድምፃቸውን ነው። ከበሮውን ግን በስልክ ስፒከር ሞክሩት። ስቱዲዮ ውስጥ ደረት የሚመታው ወፍራም ድምፅ ስልክ ላይ ይጠፋል። ጥፊ ጥፊ የሚለው ቀጭኑ ምት ነው የሚቀረው። በገናን ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ተኩስ ላይ አታስገቡብን። እናቶቻችን ለጾም የሚሰሙትን ነው ዞምቢ የምታሳድዱበት?

ስለ መብት አጭር ነገር ልበል። «ባህላዊ ዜማ ነው፣ የማንም አይደለም» ሲባል እሰማለሁ። ዜማው የድሮ ሊሆን ይችላል። ካሴት ላይ ያለው ቅጂ ግን የተጫወተውና ያሳተመው ሰው አለው፤ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እነሱንም ይጠብቃል። ራሳችሁ አስቀርጹ። ከኢንተርኔት በነፃ ስታወርዱም ፈቃዱን እስከ መጨረሻው አንብቡት። አንዳንዱ የሠሪውን ስም ጥቀሱ ይላል። አንዳንዱ ገንዘብ አታግኙበት ይላል፤ ጌማችሁ ላይ ማስታወቂያ ካለ ያን አትንኩት።

የሚደጋገም ሙዚቃ በኤምፒ ስሪ አታስቀምጡ። ጫፉ ላይ ትንሽ ዝምታ ይጨምርና ዙሩ በተመለሰ ቁጥር ያደናቅፋል። ኦግ የሚባለው የድምፅ ፋይል ዓይነት ይሻላል።

አሁን የረዳቱን ጌም ስክሪኑ ላይ ልክፈተው። መጀመሪያ በድሮው ዋሽንት፣ ቀጥሎ በአዲሱ። ከፊት የተቀመጥከው፣ አዎ አንተ፣ ና ተጫወት። ሌሎቻችሁ ስክሪኑን ተዉትና ጣቱን እዩልኝ።