ስምንት ብስክሌተኛ፣ ሁለት ዓላማ

ሀ፦ ጤና ይስጥልኝ አድማጮቻችን፤ የዛሬውን ውይይት የምናቀርብላችሁ ከባሕር ዳር ነው፤ ዓመተ ምሕረቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጠቅሳለን። ጋሼ፣ ከ2018 ጀምሮ ፈረንሳይ ውስጥ ለሦስት ሳምንት በሚካሄደው የብስክሌት ውድድር በቱር ደ ፍራንስ አንድ ቡድን የሚያሰልፈው 8 ብስክሌተኞችን ብቻ ነው። ከእነዚህ ውስጥ የሜዳ ውድድርን በመጨረሻ ሩጫ ለሚያሸንፈው ፈጣን ብስክሌተኛ፣ ማለትም ለስፕሪንተሩ ስንቱ፣ ለአጠቃላይ አሸናፊው ለሚሰጠው ቢጫ ማሊያ ለሚታገለው መሪ ስንቱ ይመደብ?

ለ፦ ነገሩን በምናውቀው መንገድ ላስረዳ። እዚህ ባሕር ዳር፣ ዘንባባ በተተከለበት ሜዳ ጎዳና ላይ ማንንም የሚቀድም ጎረምሳ፣ ከዓባይ ድልድይ ተነሥቶ ደጀን ድረስ ያለውን ጠመዝማዛ ዳገት ውጣ ቢባል ያው ጡንቻው ሸክም ይሆንበታል። የሚፈልጉት ረዳትም የተለያየ ነው። ስፕሪንተሩ በመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች ነፋሱን እየከለሉ፣ አንዱ ሲደክም ሌላው እየተተካ፣ 200 ሜትር ገደማ እስኪቀር ድረስ የሚያደርሱት ኃይለኛ የሜዳ ሰዎች ያስፈልጉታል፤ መሪው ግን ተራራ ላይ ከጎኑ የማይለዩ ቀላል ክብደት ያላቸው ዳገት ወጪዎችን ይሻል።

ሀ፦ በተራራ ቀን የጊዜ ገደብም አለ። ስፕሪንተሩ ከገደቡ ካለፈ ከውድድሩ ይወጣል፤ እሱን ለማድረስ ረዳት ወደ ኋላ ከቀረ ደግሞ መሪው አንድ ሰው ጎደለበት። አባቶቻችን «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላሉ፤ እኔም ቡድኑ አንዱን ይምረጥ ባይ ነኝ።

ለ፦ «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» ያሉትም እነሱው ናቸው፣ እኅቴ። በ2012 ስካይ የተባለው ቡድን በብራድሊ ዊጊንስ ቢጫውን ማሊያ ሲወስድ፣ ክሪስ ፍሩም ሁለተኛ ወጣ፣ ማርክ ካቨንዲሽም 3 የዕለት ውድድሮችን አሸነፈ። በመጨረሻው ቀን ፓሪስ ላይ ቢጫ ማሊያ የለበሰው ዊጊንስ ራሱ ከፊት ሆኖ ለስፕሪንተሩ ካቨንዲሽ ነፋሱን እየከለለ ጎትቷል።

ሀ፦ ይሁን እንጂ ካቨንዲሽ በዚያው ዓመት መጨረሻ ቡድኑን ለቀቀ። በ2011 በእሱ ዙሪያ በተዋቀረ ቡድን ውስጥ 5 የዕለት ውድድሮችን አሸንፎ፣ በነጥብ ለሚመራ የሚሰጠውን አረንጓዴ ማሊያ ወስዶ ነበር።

ለ፦ እውነት ነው። የዓለም ሻምፒዮንነትን ማሊያ ለብሶ ለጓደኞቹ ውኃ ሲያመላልስ የታየበት ምስል እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። ሁለቱ ዓላማዎች ያለ ቅሬታ የተዋሐዱት በ2022 ይመስለኛል፤ ቫውት ቫን አርት አረንጓዴውን ማሊያ እየወሰደ፣ በድንጋይ ንጣፉ መንገድ ብስክሌቱ የተበላሸበትን የቡድኑን መሪ፣ በመጨረሻ ቢጫውን ማሊያ የወሰደውን ዮናስ ቪንጌጎርን ወደ ውድድሩ መለሰው፣ ኦታካም ተራራ ላይም ተፎካካሪውን ታዴይ ፖጋቻርን ወደ ኋላ አስቀረለት። እንዲህ ያለ ሰው በእጁ የሌለው ቡድን ግን፣ ቢጫውን ማሊያ የማግኘት ተስፋ ከሌለው፣ አሥረኛ ለሚወጣ መሪ ረዳቶቹን ባይከፋፍል እመርጣለሁ። ጎረቤታችን ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በ2024 በ3 ድልና በአረንጓዴ ማሊያ ለቡድኑ ያስገኘውን ክብር የትኛው አሥረኛ ደረጃ ይተካዋል?

ሀ፦ አሥረኛ መውጣትም እኮ ነጥብ አለው፤ በሦስት ዓመት የሚደመረው ነጥብ ነው ቡድኑ ከ18ቱ ቀዳሚ ቡድኖች ተርታ መቆየት አለመቆየቱን የሚወስነው።

ለ፦ ያንን አልክድም፤ ስሌቱ ለትንንሽ ቡድኖች ጨካኝ ነው። ሆኖም በዚያው በ2024 አስታና የተባለው ቡድን አሰላለፉን በአብዛኛው በ39 ዓመቱ ካቨንዲሽ ዙሪያ አዋቀረ። በመጀመሪያው ዕለት ሙቀቱና ዳገቱ ሲያዳክመው ጓደኞቹ አብረውት ወደ ኋላ ቀርተው በጊዜ ገደቡ ውስጥ አስገቡት፤ በአምስተኛው ዕለት 35ኛውን የዕለት ድል አግኝቶ የቀድሞውን ብስክሌተኛ የኤዲ መርክስን የ34 ድል ክብረ ወሰን ሰበረ።