የናታን ሆርተን ወገብ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። ስለ አንድ የበረዶ ሆኪ ተጫዋች ወገብ ላወራችሁ ነው።

ቶሮንቶ በመጣሁ በመጀመሪያው ክረምት መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስጭን ወገቤን ያዘኝ። ቀና ማለት አቃተኝ። በሳምንቱ ያስቀጠረኝ ኤጀንሲ ደውሎ "ከእንግዲህ አትምጪ" አለኝ። በቃ። በኦንታሪዮ ሥራ ላይ ለተጎዳ ሰው ካሳ እንዳለ እንኳ የነገረኝ አልነበረም። እቤት ተኝቼ ቴሌቪዥን ሳይ ነው የናታን ሆርተንን ስም የሰማሁት። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2015 ነበር።

ሆርተንን ቦስተን አይረሳውም። በ2011 የከተማዋን ቡድን የሰሜን አሜሪካ ሆኪ ሊግ (ኤን ኤች ኤል) ዋንጫ ለሆነው ለስታንሊ ካፕ ፍጻሜ ያበቃችው ጎል የሱ ናት። በፍጻሜው ሦስተኛ ጨዋታ ግን ጭንቅላቱ ተመትቶ ወጣ። ለሰባተኛው ጨዋታ ቫንኩቨር ድረስ ሄዶ፣ ከቦስተን ሜዳ የመጣ ውሃ በረዶው ላይ አፈሰሰ። መጫወት ባይችል፣ ለጓደኞቹ ሜዳውን የቤታቸው ሊያደርግላቸው። ይሄን ሳስበው አሁንም ሆዴ ይባባል። ዋንጫውን አነሱ።

በ2013 ሌላው የሊጉ ክለብ ኮሎምበስ በ37.1 ሚሊዮን ዶላር ለ7 ዓመት አስፈረመው። የተጫወተላቸው 36 ጨዋታ ብቻ ነው። ወገቡ እምቢ አለ። ገና 29 ዓመቱ ነበር።

በኤን ኤች ኤል ተጫዋች ሜዳ ላይ ቢጎዳ ደመወዙ አይቋረጥም። ኢንሹራንሱ የሚጠብቀው ክለቡን ነው፤ ተጫዋቹ 30 ጨዋታ ካመለጠው በኋላ አብዛኛውን ጊዜ የደመወዙን 80 በመቶ ይተካለታል። የሆርተን ውል ግን ኢንሹራንስ አልተገባለትም ነበር። ኮሎምበስ ለማይጫወት ሰው ዓመት በዓመት ከኪሱ ሊከፍል ሆነ። ስለዚህ ለቶሮንቶ ክለብ ሰጥቶት በምትኩ ዴቪድ ክላርክሰን የሚባል ተጫዋች ወሰደ። ክላርክሰን ውሉ ውድ ቢሆንም ቢያንስ ይጫወታል። ቶሮንቶ ደግሞ ገንዘብ አይቸግረውም፤ የፈለገው ከክላርክሰን ውል መገላገል ነበር። በኋላ የክላርክሰንም ወገብ ተጎዳ፤ እሱም መጫወት አቆመ።

ያን ቀን ሁሉም ስለ ዝውውሩ ብልሃት ያወራ ነበር። "ቁጭ ብሎ ይበላል" ያሉም አልጠፉም። እኔን ይሄ አናደደኝ። ሰውየው ወገቡን የሰጠው ለዚያ ሥራ ነው! ክለቡ ኢንሹራንስ ባይገባ ጣጣው የክለቡ እንጂ የሱ አይደለም። ሆርተንን ያዳነው ፊርማው ነው። እኔ የፈረምኩትን ወረቀት እንኳ አላነበብኩትም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሥራ ስቀጠር፣ ከመፈረሜ በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ "ብጎዳስ?" አንዳንዱ አሠሪ ፊቱ ይቀየራል። መልሱን በጽሑፍ እስኪሰጠኝ ግን እስክሪብቶውን አላነሳም።